የዓባይ ድልድይና የኖራ ምሥጢር

ስለ ቁስ አካል፣ ስለ አቶምና ስለ ኬሚካዊ ትስስር በትምህርት ቤት የቀሰምነው ዕውቀት ከመሐንዲስ የዕለት ተግባር የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በአላታ የቆመውን የድንጋይ ድልድይ ለሚመረምር ባለሙያ ያ ዕውቀት የሥራው መሠረት ነው።

ድልድዩ የታነጸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1626 ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቀደም ሲል በአካባቢው በብዛት የሚሠራበት ማያያዣ ጭቃ ነበር። ጭቃ ደግሞ ውኃ ሲያገኘው ስለሚፈርስ በክረምት ሙላት ላይ ቅስት ለመዘርጋት አይበቃም። የዘመኑ ኢየሱሳዊ ጸሐፊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ መዘገበው፣ ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚስማማ ድንጋይ በማግኘቱ ችግሩ ተቃለለ። ኋላም በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን (1632-1667) የጎንደር ግቢ በኖራ ተገነባ።

ለመሆኑ የጣና ዙሪያ በድንጋይ ተሞልቶ ሳለ ለኖራ የሚሆነው ስለምን ብርቅ ሆነ? የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ባዛልት ነው። በባዛልትም ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ነገር ግን ከሲሊኮንና ከኦክሲጅን ጋር በጽኑ ስለ ተሳሰረ በምድጃ እሳት አይላቀቅም። በኖራ ድንጋይ ግን ሁለት ኤሌክትሮኖች ያጣው የካልሲየም አዮን ከካርቦኔት አዮን ጋር ተሳስቦ ይኖራል። ካርቦኔቱም አንድ የካርቦንና ሦስት የኦክሲጅን አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የተያያዙበት ነው። ይህ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ይከፈላል። እንግዲህ ቁም ነገሩ የንጥረ ነገሩ መኖር ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር፣ እንዴት መተሳሰሩ ነው።

ሂሳቡን እንመልከት። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። ይህም 18 ኪሎ ውኃ ሲጠጣ 74 ኪሎ ይሆናል። በግንቡ ውስጥ ሆኖ ከአየር 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ሲወስድና 18 ኪሎውን ውኃ ሲለቅ እንደገና 100 ኪሎ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዑደት አንድም አቶም አልጠፋም።

የአላታ ግንበኞች ይህን በእጃቸው ሠርተውታል፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ኋላ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣውን አየር የገለጸው በ1756፣ ጆን ዶልተን የአቶምን ትምህርት ያሳተመው በ1808 ነው። ድልድዩ ብላክን በ130 ዓመት ቀድሞታል።

ይህ ታሪክ ዛሬም ይመለከተናል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ካልሲየም፣ ሲሊካና ውኃ ተዋሕደው በሚፈጥሩት ሌላ ትስስር ነው፤ ጠጣርና ድፍን ስለሆነ እርጥበትን እንደ ኖራ አያሳልፍም። በአሮጌ የኖራ ግንብ ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱ በውስጥ ይታፈናል፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስም ማያያዣው በመጽናቱ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ፋሲል ግቢ በቀድሞ ጥገና የገባው ሲሚንቶ በአያሌ ቦታ ተነሥቶ በኖራ መተካቱ የዚሁ ትምህርት ውጤት ነው።

ስለዚህ የጥገና ሥራ የሚሰጠን ባልደረቦች ሁሉ ከልኬቱ አስቀድመን የማያያዣውን ናሙና እንመርምር። የቀጠነ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ቢንቸፈቸፍ ካርቦኔት መኖሩን የሚጠቁም የመጀመሪያ ፍንጭ ነው። ምን ከምን ጋር እንደ ተሳሰረ ሳያውቁ መጠገን ማፍረስ ሊሆን ይችላል።