ነዶ አሳሪ ፕሮቲን

ስንዴ የሚያጭድ ገበሬ አገዳውን አንድ አንድ እያለ አያነሳም። እፍኝ ሙሉ ይሰበስብና ዛላውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አድርጎ፣ በራሱ በአገዳው ጠምዞ ያስረዋል። ያ ነዶ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ የአክቲን ክሮችን ጎን ለጎን አሰልፈው የሚያስሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለእነሱ የመረጥኩት ስም «ነዶ አሳሪ ፕሮቲን» የሚል ነው።

«ጥቅል» ማለት ይቀል ነበር። ነገር ግን ጥቅል ሲባል በእንዝርት ላይ የተጠመጠመ ፈትል ይታሰባል፤ እነዚህ ክሮች ግን አይጠመጠሙም። «እስር» ብንል ደግሞ ወህኒ ቤት ይቀድማል። ነዶ ትክክለኛውን ሥዕል ይሰጣል።

አክቲን በ1942 በሃንጋሪ ሴጌድ ከተማ ብሩኖ ስትራውብ ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው ፕሮቲን ነው። ነጠላው ድቡልቡል ነው፤ እየተቀጣጠለ ሲሄድ 7 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይሆናል። አንድ ክር ብቻውን በቀላሉ ይጎብጣል።

ክር ከክር ለማሰር ሁለት መያዣ ያስፈልጋል። ፊምብሪን የተባለው አሳሪ ሁለቱንም በአንድ ሞለኪውል ይዟል፤ መያዣዎቹ ስለሚቀራረቡ ክሮቹን አጥብቆ ያጠጋጋል። አልፋ አክቲኒን የተባለው ግን ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ ራሱን ወደ ሌላው እግር አድርጎ ይተኛና በሁለቱ ጫፍ ይይዛል። ርዝመቱ 35 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ በክሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት ማዮሲን የተባለው ጎታች ፕሮቲን ገብቶ ክሮቹን ይጎትታል፤ በፊምብሪን ነዶ ውስጥ ግን መግቢያ የለውም። ስለዚህ የፊምብሪኑን «ጥብቅ ነዶ»፣ የአልፋ አክቲኒኑን «ልል ነዶ» እላለሁ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ልዩነት ነው፤ ነዶው ምሰሶ ይሁን ወይስ የሚኮማተር ገመድ የሚወስነው የአሳሪው ርዝመት ነውና።

ጥብቁን ነዶ ለማየት ወደ ትንሹ አንጀት እንግባ። የበላነው እንጀራ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚያልፈው በሕዋሳቱ ገጽ ላይ እንደ ብሩሽ በቆሙ ጥቃቅን ጣቶች በኩል ነው። የአንዱ ጣት ቁመት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የአክቲን ክሮች ቆመዋል፤ ፈጥኖ የሚያድገው ጫፋቸውም ልክ እንደ ዛላው ሁሉም ወደ ላይ ነው። ቪሊን፣ ፊምብሪንና ኤስፒን ያስሯቸዋል። ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ይጎድላል፤ የገበሬው ነዶ ወገቡ ላይ ብቻ ሲታሰር፣ ይህኛው ግን እያንዳንዱ ክር ከጎረቤቱ ጋር ከታች እስከ ላይ ተያይዟል። ሦስቱም አሳሪዎች በሌሏቸው አይጦች ላይ ጣቶቹ አልጠፉም፤ ነገር ግን ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደሚገባው ሊቆዩ አልቻሉም።

ኤስፒን በጆሯችን ውስጥም አለ። ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አናት ላይ እንደ ፀጉር የቆሙትን ዘንጎች ያጸናል፤ የኤስፒን ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎችም መስማት ይሳናቸዋል።