ኬርማ፦ የጨረራ ጉልበት አለካክ ታሪክ

ራጅ በሕክምና ላይ የዋለው መለኪያ ሳይበጅለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮችን በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ሲመረምር፣ ገላቸው የተቀበለውን ጨረራ የሚሰፍርበት አሐድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያገኘው ሮንትገን ጨረራው በአየር ውስጥ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሙል እንጂ አካል የሚውጠውን ጉልበት አይለካም። ለዚህኛው ራድ በ1953 ተደነገገ፤ በ1975 ደግሞ ግሬይ፣ ማለትም በኪሎ ግራም አንድ ጁል፣ ተተካ። በመካከሉ፣ በ1962፣ ኬርማ የተሰኘው ቃል ገባ። ኬርማ ጨረራው በአንድ ኪሎ ግራም ቁስ ውስጥ ለኤሌክትሮኖች የሚያስረክበውን ጉልበት ይገልጻል። ኤሌክትሮኖቹ ጉልበቱን የሚያራግፉት ጥቂት ከተጓዙ በኋላ በመሆኑ፣ የተሰጠውና የተዋጠው መጠን በአንድ ነጥብ ላይ እኩል ላይሆን ይችላል።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 የጨረራ ሕክምና በኮባልት 60 ሲጀመር ይህ ልዩነት የአገራችንም ሕሙማን ጉዳይ ሆነ። የኮባልት ኬርማ ከፍተኛ የሚሆነው በቆዳ ላይ ሲሆን፣ አካል አብዝቶ የሚውጠው ግን ከቆዳ በታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቆዳ በከፊል ከቃጠሎ የሚተርፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአዳማ፣ ከባቱ (ዝዋይ)ና ከሻሸመኔ የሚላኩ ሕሙማን ለረጅም ዓመታት ይህን ሕክምና ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። አንድ ግሬይ መቶ ራድ ነውና፣ ወደ አዳማ በሚመለስ የሕክምና ደብዳቤ ላይ መለኪያው ካልተጻፈ ስሕተቱ መቶ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ያለ መለኪያው ሐኪምን አይመራም።