የኪኒን ዛፍና የዘሩ ጉዞ

በአማርኛ የሚዋጠውን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» ብሎ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በመሠረቱ የአንድ መድኃኒት፣ ይኸውም ለወባ የሚሰጠው መድኃኒት ስም ነበር። ስሙ በየቤቱ ሲታወቅ የተገኘበት ዛፍና ዘሩን ለዓለም ያበቃው ሰው ግን ብዙም አይታወሱም።

ዛፉ ሲንኮና ይባላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ከቡና ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ የተፈጥሮ አገሩም ዝናብና ጭጋግ የማይለየው የደቡብ አሜሪካ የአንዴስ ተራሮች ተዳፋት ነው። ቅርፊቱ ትኩሳት እንደሚያበርድ የታወቀውና ኢየሱሳውያን ካህናት ወደ አውሮፓ ያደረሱት በ17ኛው መቶ ዓመት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፔሩ የስፔን እንደራሴ የነበረው የቺንቾን መስፍን ሚስት በዚሁ ቅርፊት ተፈወሰች የሚለው ትረካ በማስረጃ ያልጸና ቢሆንም፣ ሊኔየስ በ1742 ለዛፉ ስም ያወጣለት በእርሷ ነው። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን የመድኃኒት ሊቃውንት ኪኒንን ከቅርፊቱ ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ የቅርፊት ዋጋ በውስጡ በሚገኘው የኪኒን መጠን ይመዘን ጀመር።

ፍላጎቱ ሲያድግ የአንዴስ ደን በመጥረቢያ ተመናመነ። የአካባቢው መንግሥታትም ዘሩ ከአገር እንዳይወጣ መከልከል ጀመሩ። በሌላ በኩል ወባ በቅኝ ግዛቶቻቸው ያስቸገራቸው ሆላንዶችና እንግሊዞች ዛፉን በራሳቸው እጅ ለማልማት ተነሡ። ሆላንዶች በ1854 በጃቫ ደሴት፣ እንግሊዞች ደግሞ ከ1860 በኋላ በደቡብ ሕንድ በኒልጊሪ ተራሮች ተከሉት። ሆኖም ሆላንዶች ካባዙት ዝርያ የሚገኘው ኪኒን እጅግ ጥቂት ነበር፤ የሕንዱ ቀይ ቅርፊት ቢጸድቅም በኪኒን ሀብታም አልነበረም።

ይህን ችግር የፈታው ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የቦሊቪያ ተወላጅ ነው። ማማኒ ቅርፊት በመፈለግ ሙያ የተካነ፣ ምርጡን ዛፍ ከተራው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር። አሠሪው እንግሊዛዊው ነጋዴ ቻርልስ ሌጀር ዘር እንዲያመጣለት ሲልከው፣ ውርጭ አበባውን ደጋግሞ ስላረገፈበት አራት ዓመት ጠብቆ በ1865 ዘሩን ይዞ መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት አልገዛም አለ፤ ሆላንዶች ግን ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ገዙ። ማማኒ ሌላ ዘር ለማምጣት ሲመለስ ተይዞ ታሰረ፤ ክፉኛ ተደበደበ፤ በ1871 ገደማም ሞተ።

በጃቫ የበቀለው ዘር ቅርፊቱ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ኪኒን የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ሲንኮና ከሌላ ዝርያ ጋር በቀላሉ ስለሚዳቀል ምርጦቹ ተለይተው ተተከሉ። ሥሩ ደካማ በመሆኑም በቀዩ ቅርፊት ግንድ ላይ እየተዳቀለ ተባዛ። በ1930ዎቹ ከዓለም የኪኒን ቅርፊት ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚመጣው ከጃቫ ነበር።

የዓለም መድኃኒት በአንድ ደሴት ላይ መከማቸቱ ያስከተለው አደጋ የታየው በ1942 ጃፓን ጃቫን በያዘች ጊዜ ነው። በወባ አገር የሚዋጉት የቃል ኪዳኑ ጦር ሠራዊቶች ምንጩ ስለተዘጋባቸው ወደ ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች ፊታቸውን አዞሩ። ከጦርነቱ በኋላ ክሎሮኪን የኪኒንን ቦታ ያዘ፤ ተሕዋሲው ክሎሮኪንን ሲቋቋም ግን ኪኒን እንደገና ተፈለገ። ዛሬ ለከባድ ወባ በቅድሚያ የሚሰጠው አርቴሱኔት ቢሆንም ኪኒን ከአገልግሎት አልወጣም። በቤተ ሙከራ መሥራቱ ውድ በመሆኑም አሁንም የሚገኘው ከዛፉ ቅርፊት ነው።

የዛፉ ስም መድኃኒቱን መቅመሷ ያልተረጋገጠ የመስፍን ሚስት መታሰቢያ ነው። የምርጡ ዝርያ ስምም ከሌጀር የተወሰደ ነው። ዘሩን በትዕግሥት ጠብቆ ለቅሞ በሕይወቱ የከፈለው የማማኒ ስም ግን በአንዱም ላይ አልተጻፈም።