የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ቦይለሮች የአየር መተላለፊያና የውሃ ግፊት መሥፈርቶች
በማር ሚካኤል ሰፈር መነሻነት

ማር ሚካኤል በሊባኖስ መዲና ቤይሩት ከወደቡ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። «ማር» ማለት ቅዱስ ማለት ሲሆን፣ ሰፈሩ በጠባብ ጎዳናዎቹ፣ በምግብ ቤቶቹና በአሮጌ ሕንፃዎቹ ይታወቃል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤትም በዚሁ ይገኛል። በቤይሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን በቤት ሠራተኝነት ኑሯቸውን ይመራሉ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ በኩሽና ወይም መስኮት በሌላቸው ጠባብ ክፍሎች እንደሚያድሩ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ስለዚህ የጋዝ ቦይለር የአየርና የግፊት ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን፣ በአቅራቢያው ለሚሠራና ለሚያድር ሰው ሁሉ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቦይለር ጋዝ በማቃጠል ውሃን የሚያሞቅ ጋን ነው። በሆቴሎች፣ በልብስ ማጠቢያ ቤቶችና በትላልቅ ሕንፃዎች የሚያገለግሉት ከመኖሪያ ቤት ማሞቂያዎች የበለጠ አቅም አላቸው። በብሪታንያ አሠራር ከ70 ኪሎዋት በላይ የሆኑት በንግድ ደረጃ ይመደባሉ።

አየር ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ሜትር ኩብ ፕሮፔን በሚገባ እንዲቃጠል ወደ 24 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል፤ ቡቴን ደግሞ ወደ 31። አየሩ ሲያንስ ቃጠሎው ጎደሎ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በአገራችን በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም ይዘው የተኙ ሰዎችን ሕይወት የሚቀጥፈውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ለአንድ ሰዓት ሊተነፍሰው የሚችለውን ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 35 ሚሊ ግራም፣ ለስምንት ሰዓት ደግሞ 10 ሚሊ ግራም አድርጎ ወስኗል።

በዚህ ምክንያት የቦይለር ክፍል ከውጭ አየር ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሁለት ዓይነት ክፍተቶች ሊኖሩት ይገባል። ከወለል አጠገብ ያለው ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ከጣሪያ አጠገብ ያለው የሞቀውን ያስወጣል። ቢኤስ 6644 የተባለው የብሪታንያ ደረጃ ለተለየ የቦይለር ክፍል በአንድ ኪሎዋት ታች 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ላይ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነጻ ክፍተት ይጠይቃል። በዚህ ስሌት የ200 ኪሎዋት ቦይለር ታች 800፣ ላይ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። የሚቆጠረው አየር በትክክል የሚያልፍበት ቀዳዳ እንጂ የፍርግርጉ አጠቃላይ ስፋት አይደለም። ብርድ ለመከላከል ክፍተቱን በጨርቅ ወይም በካርቶን መድፈን አደጋን መጋበዝ ነው።

በቤይሩት ጋዝ ለሕዝብ የሚዳረሰው ከተማን በሚያካልል የቧንቧ መሥመር ሳይሆን በሲሊንደር ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ስለዚህ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ምድር ቤትና ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። ሲሊንደሮች ከቤት ውጭ በነፋሻ ቦታ መቀመጥ፣ የታችኛው ክፍተትም ከወለሉ ጋር እኩል መሆን አለበት።

የመብራት መቋረጥ

አየር በማራገቢያ የሚገባ ከሆነ፣ ማራገቢያው ሲቆም ጋዙን ወዲያው የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ግዴታ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ሁለቱ ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ በማጣታቸው ሊባኖስ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውጧት እንደነበር ይታወሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የውሃ ማዘዋወሪያው ፓምፕም አብሮ ይቆማል። እሳቱ ቢጠፋም በጋኑ ብረት ውስጥ የቀረው ሙቀት የቆመውን ውሃ ማሞቁን ይቀጥላል። መብራት ሲመለስም ቦይለሩ ከመነሣቱ በፊት የማራገቢያው፣ የፓምፑና የግፊቱ ሁኔታ መረጋገጥ አለበት።

የውሃ ግፊት

ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መጠኑ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 1000 ሊትር በያዘ ዝግ ሥርዓት ውስጥ ይህ ወደ 30 ሊትር ተጨማሪ ውሃ ማለት ነው። ይህንን ጭማሪ የሚቀበለው በውስጡ የጎማ ሽፋንና የታመቀ ጋዝ ያለው የማስፋፊያ ጋን ነው። ጎማው ከተቀደደ ግፊቱ በእያንዳንዱ ሙቀት ከመጠን በላይ ያሻቅባል።

የውሃ ዓምድ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይጫናል። ቦይለሩ ከሥር ሆኖ ቧንቧው 20 ሜትር ሽቅብ ለሚወጣ ሕንፃ፣ ገና ሳይሞቅ ከ2 ባር በላይ ግፊት ያስፈልጋል። መለኪያው 2 ባር ሲያሳይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 133 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በድንገት ቢለቀቅ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ከውሃው ከ1600 ጊዜ በላይ ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ በአንድ የጫማ ፋብሪካ የደረሰው የቦይለር ፍንዳታ 58 ሰዎችን ገድሏል። ከዚያም በኋላ የቦይለር ደንቦች ጠበቁ።

ስለሆነም የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት ጣሪያ መቁረጫ፣ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያና ግፊት ሲያልፍ የሚከፈት የደህንነት ቫልቭ መሟላት አለባቸው። በቦይለሩና በደህንነት ቫልቩ መካከል ምንም መዝጊያ አይገጠምም። የቫልቩ መውጫ ሰው ወደማይቃጠልበትና ሲንጠባጠብ ወደሚታይበት ሥፍራ ይመራል። ሥርዓቱ በየጊዜው ውሃ የሚሞላ ከሆነ የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታል። በቤይሩት የባሕር ጨው የገባባቸው የጉድጓድ ውሃዎች ስላሉ፣ ሁልጊዜ አዲስ ውሃ መጨመር ብረቱን ያዝገዋል።

ከፍንዳታው በኋላ

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ማር ሚካኤልን ክፉኛ ጎድቶታል። በተናወጠ ሕንፃ ውስጥ የጭስ መውጫ መገጣጠሚያ ሊላቀቅ፣ በጥገና ወቅትም የአየር ክፍተት በግንብ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቦይለሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በባለሙያ መፈተሽ ይኖርበታል።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ፣ ግድግዳው ጥላሸት ከያዘ፣ ወይም በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድነት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው፣ ጋዙን ዘግቶ ወደ ውጭ መውጣትና ሕክምና መጠየቅ ይገባል። የጋዝ ሽታ ካለ ደግሞ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት፣ ክብሪት መጫርም ሆነ በዚያው ስልክ መደወል ክልክል ነው፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ሰው ሁሉ ሊወጣ ይገባል።