የውጫሌ ጠመንጃ

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አርዲቦ ከጎረቤቷ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ሞልታ ስትፈስ ትርፍ ውኃዋ የሚወርደው ወደዚያች ነው። ታችኛዋ የላይኛዋን ሙላት ትጠብቃለች። የሰው እጅ እያዩ መኖር ማለት ይኼው ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ቦታ ነው። ውሉ ሲነሣ ሁላችንም 17ኛውን አንቀጽ እንጠራለን። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በዚያች አንቀጽ ስንት ክፍለ ጊዜ ፈጅቻለሁ! አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ግሡን ስመረምር ግን ገበያውን ረስቼው ኖሯል። ምኒልክ ኢጣሊያንን የፈለጓት በአንድ በኩል ጠመንጃ አቅራቢ ስለነበረች ነው።

ዘመኑ እምነት የሚጣልበት አልነበረም። የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን መጥቷል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀዋል። የባሕሩ በር በባዕዳን እጅ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ ጋር የተጣበቀ ገዢ፣ ነጋዴው ሲያኮርፍ ባዶ እጁን ይቀራል።

ምኒልክ ግን አልተጣበቁም። በ1879 ዓ.ም. ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ንጉሡ ዋጋውን ቀነሱበት፣ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ቆረጡበት፣ ቀሪውንም ሐረር ሄዶ ከመኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። በ1880 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ ኢጣሊያ 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጥ ተዋዋለች። በ1882 ዓ.ም. መኰንን ኢጣሊያ ሄደው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲዋዋሉ፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ከባድ መያዣ ነው! ዕዳው ባይከፈል ሐረር ትሄድ ነበር።

ስለዚህ ምኒልክ ብድሩን ከፈሉ። በ1885 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የመጣውን 2 ሚሊዮን ጥይት ተቀበሉና፣ ወዲያው ውሉን አፈረሱ። ይህን ያስቻላቸው ዕዳ አለመኖሩ፣ ሌላ በር ክፍት መሆኑና ገበያውን የሚያውቅ ሰው በእጃቸው መኖሩ ነው። መኰንን የሐረርን ንግድ ያውቁታል፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ደግሞ የአውሮፓን ነገር። እውቀቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጧል እንጂ በነጋዴው ደብተር ላይ አልቀረም።

ሁሉ ነገር ግን ተሟላ አልልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጠመንጃው ቢኖርም የሠራዊቱ ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ጦሩ የሚበላው ካለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ነው፤ ያ ጎተራ ደግሞ ከክፉው ቀን ገና አላገገመም። ጥይትን ከሦስት በር ማስገባት የቻለ ቤት፣ እህልን ከአንድ በር ይጠብቅ ነበር።

እኛስ? በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ማዳበሪያ ሲወደድ ገበሬያችን በማያውቀው ጠብ ዋጋ ከፈለ። መሥሪያ ቤቶቻችን ጨረታ አውጥተው ርካሹን ይመርጣሉ፤ አቅራቢው ሲቀር ግን ሌላ ማን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፣ የሚያውቀውም ተዛውሯል። ውል ከመፈረም በፊት «ይህ ሰው ቢቀርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልገናል። ምኒልክ ጠይቀው ነበር፤ ለጥይቱ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።