ከአሞሌ ጨው እስከ ቴሌብር፦ ገንዘብ ሲቀየር ዋሱ ማን ነው?



ዛሬ ቡታጅራ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጥ ሰው «በቴሌብር ላስገባልህ?» ሲባል አይገርመውም። ነገሩ ግን የትናንት ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም ነው፤ ኤም-ፔሳ በኬንያ ከተጀመረ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ገንዘብ መልኩን ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በሀገራችን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። ከአውሮፓ የመጣው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም ረጅም ዘመን ሠርቷል። በ1898 ዓ.ም የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ኋላም የወረቀት ብር መጣ። በዐባሲያዎች ዘመን ደግሞ ሙስሊም ነጋዴዎች ገንዘብ ተሸክሞ በረሃ ማቋረጥ ስለሚያሰጋቸው ሱፍተጃ የሚባል ደብዳቤ ነበራቸው፤ በአንድ ከተማ ያስረከቡትን በሌላ ከተማ ይቀበሉበት ነበር። በስልክ የምንልከው ገንዘብ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወደ እኛው ሀገር ስንመለስ፣ ብዙ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ የከፈተው በእቁብ ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰው ሰውም ዋስ ይጠራል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው፤ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው ያዝዛል።

ታዲያ ስልኩ ምን ቀየረ? ጽሕፈቱ ተሻለ። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደላከ ይመዘገባል፤ «አልከፈልከኝም» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ዕቃ ለማምጣት መርካቶ የሚወርደው ነጋዴም ብሩን ወገቡ ላይ ታጥቆ መሄድ ቀረለት። አልሐምዱሊላህ።

ዋሱ ግን ተቀየረ። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን ብድር ሲጀምር ጎረቤት ዋስ አልጠየቀም፤ የሚያየው የደንበኛውን የአጠቃቀም ታሪክ ነው። ለእቁብ ዳኛ «ልጄ ታሞብኛል» ብትሉት ይሰማችኋል፤ ተራ ያቀያይርላችኋል። መዝገብ ግን የሚቆጥረው ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች «እሺ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከወሰድኩት በላይ ስንት እመልሳለሁ? ጭማሪው ስሙ ምንም ይሁን፣ ምንነቱ ምንድን ነው? ካላወቃችሁ ዑለማዎችን ጠይቁ። አማራጭ የለም እንዳንል፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘምም የተከፈተው ቴሌብር በጀመረበት በ2013 ዓ.ም ነው።

እቁባችሁንም አትተዉ። መሰብሰቢያው ስልክ ይሁን፤ ዳኛውና ዋሱ ግን የሚያውቃችሁ ሰው ይሁን። አማናን የሚሸከም ሰው እንጂ ስልክ አይደለም።

ወሏሁ አዕለም።