ከ«ሰበረ» እስከ «ሰፐረም»

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ጉራጊኛ ሲጀምር ይበልጥ የሚያደናግረው የሚያውቀው ቃል ነው። እምድብር ላይ የቸሃ ሰው «ሰፐረም» ሲል፣ የአማርኛ ጆሮ መጨረሻዋን «ም» ይዞ «አልሰበረም» ማለቱ ይመስለዋል። ሰውየው ግን «ሰበረ» ነው ያለው፤ በቸሃ ይህች «ም» የምትቀጠለው ድርጊቱ ሲፈጸም ነው።

«ፐ»ስ ከየት መጣች? ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ ዕብራይስጡ «ሻቫር»፣ አካድኛው «ሸቤሩ» ይለዋል። ግእዝ «ሰበረ»ን አላልቶ፣ «ይሰብር»ን አጥብቆ ያነባል። አማርኛ ይህን ገልብጦ «ሰበረ»ን አጠበቀ፣ «ይሰብራል»ን አላላ። የቸሃ ጎረቤት እዣም ያለፈውን አጥብቆ «ሰበረም» ይላል። ቸሃ ማጥበቅን ሲተው የጠበቀችው «በ» ዝም ብላ አልላላችም፤ «ፐ» ሆነች። «ይሰብር» ላይ ያለችው ግን ከንፈር ሳይገጥም የምትነገር ልል «በ» ሆና ቀረች።

«በላ»ም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በቸሃ የድሮው «ለ» ብዙውን ጊዜ «ረ» ሲሆን፣ የጠበቀው ግን «ነ» ሆኗል። ስለዚህ «በላ» «በናም»፣ «ይበላል» ደግሞ «ይበራ» ነው። ስለ ምሳ እየተወራ «ይበራ» ሲባል አምፖሉን ቀና ብሎ የሚያይ እንግዳ አይጠፋም።

ሰበረን እንግሊዝኛ «ብሬክ»፣ ደች «ብሬከን» ይሉታል። ቃሉ ቢቀራረብም ደች በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን ወደ መጨረሻ ስለሚወስደው የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይቸገራል። በዚህ በኩል የእኛ ተማሪ ዕድለኛ ነው፤ በአማርኛም በጉራጊኛም ግሥ የሚመጣው መዝጊያ ላይ ነው።

ቡታጅራ ሲደርሱ ግን የቸሃው ሕግ ብቻውን አያዋጣም። ገበያው ውስጥ መስቃንኛ ይሰማል፤ ስልጥኛም አለ፤ የእሱ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ሩቅ ያለው ሐረሪ ነው። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ያነጻጸረው ቮልፍ ሌስላው ነው፤ የጉራጊኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ታትሟል። ከዚያ በፊት በ1964 ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈውን ስለ ሽነጋ መንደር የሚተርክ ሥራ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል።

ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ሰበረ» ተብሎ የተጻፈውን አጥብቀን የምናነበው ስለምናውቀው ብቻ ነው። ቸሃ ግን በ«ፐ»ና በ«ነ» ለይቶ ይጽፈዋል፤ አማርኛ በወረቀት ላይ የማያሳየውን ጥብቀት የሚፈልግ ከ«ሰፐረም» እና ከ«በናም» ያገኘዋል።